ለእናቷ የሚላከው ፎቶ

ሲስተር ሺታዬ ፎቶ ልታነሳት ስልኳን ስትደግን የሰባት ዓመቷ ኛኪም ጎንበስ ብላ ቢጫ የላስቲክ ጫማዋን አወለቀች። ሺታዬ "ተይ፣ አድርጊው" አለቻት። ልጅቷ ግን ጫማውን አግዳሚ ወንበሩ ሥር ደበቀችው፤ ከመሬት አፈር ዘግና ጠዋት በቅባት የወዛ ፊቷ ላይ ቀባችው፤ ከዚያም አንገቷን ሰበር አድርጋ ካሜራውን ትክ ብላ አየችው።

ከጀርባዋ፣ በመጠለያው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ፣ የራሷ ፖስተር ተለጥፏል። እዚያም በባዶ እግሯ ነበረች፤ አንገቷንም እንዲሁ ሰብራለች። ከሥሩ "ጦርነቱ እናቷን ነጠቃት" የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ፎቶው በተነሳበት ዕለት ከእርዳታ ድርጅቱ ፎቶ አንሺዎች አጠገብ ቆማ "ጫማሽን አውልቂ፣ አትሳቂ" ያለቻት ሺታዬ ራሷ ነበረች። በወሩ ብስኩትና ድንኳን የጫኑ መኪኖች መጡ፤ ልጆቹም በሉ። ሺታዬ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላሰበችውም።

ትናንት ግን የኛኪም እናት ከባሮ ታች፣ ከድንበሩ ወዲያ፣ በሕይወት መኖሯ ተሰማ። ልጇ መሆኗን እንድታረጋግጥ ፎቶ ይላክላት ተባለ። ሺታዬ ተንበርክካ በጋውኗ እጅጌ የልጅቷን ፊት ጠረገችላት።

"ይሄኛው ለእርዳታ አይደለም፤ ለእናትሽ ነው። ሳቂላት እንጂ፣ ደህና መሆንሽን እንድታይ።"

ኛኪም ጫማውን በእግሯ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገፋችው።

"አልስቅም ሲስተር" አለች ቀስ ብላ። "ደህና ሆኜ ካየችኝ አትመጣም።"