የሸተተው ሰገባ

ልጅቷ ለመዝናኛ ብላ ቆዳ መስፋት ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ያማረላት የቢላ ሰገባ አልነበረም፤ ለእህቷ ባል የሰርግ ስጦታ አድርጋ የሰጠችውም ስላማረላት ነበር። አሁን ግን ወደ ፊቷ ገና ስታስጠጋው ሽታው አፍንጫዋን አስያዛት። ቢላው ሳይታጠብ ተሰግስጎበት ከርሞ፣ ቆዳው ከነደሙ በስብሷል።

«ስፌቱን ጠበቅ አድርጊልኝ እስቲ፣ ባለሙያዋ» አላት የእህቷ ባል፣ ወንበሯ ላይ ተዘርፍጦ።

«ምን አርደህበት ነው?»

«የእህትሽን ውሻ ነዋ። ከእኔ ይልቅ እሱን ስታሞላቅቅ!» ሳቀ። «ከዚያ ወዲህ እንዴት ያለች ጨዋ እንደሆነችልኝ ብታዪ።»

እህቷ ከደጃፉ ሳታልፍ ቆማ፣ የሹራቧን ቁልፍ ትቆልፋለች፣ ትፈታለች። ልጅቷ ወስፌዋን አስቀምጣ ምላጭ አነሳችና ያንን ጣቶቿን ያቆሰላትን ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረችው።

«አበድሽ እንዴ? ለነገ እፈልገዋለሁ እኮ።»

የተተረተረውን ቆዳ ጭኑ ላይ ጣለችለትና ወደ በሩ ዞረች። «እታለም፣ እዚያ ምን ያቆምሻል? ይሄ ሰውዬ ሊሄድ ነው። አንቺ ግቢ፣ አልጋዬ ለሁለታችንም ይበቃል።»

እህቷ ባሏን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ አለችና የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች።