የኦሼክ ቆጠራ

ቀኖቹን አዛብቼ ይሆናል። ማማው ላይ ጀልባ አጥተን የቆየነው አራት ቀን ነው እላለሁ፤ ኢሳ አምስት ነው ይላል። መዝገቡ እጄ ላይ ቢሆን እርግጠኛ እሆን ነበር፤ እሱ ግን መሥሪያ ቤት ቀርቷል። ስለዚህ የማልጠራጠርበትን ብቻ እጽፋለሁ።

የመርከብ መብራቱ ማማ ከፖርት ሱዳን በጀልባ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የቆመው የኮራል ዐለት ላይ ነው፤ በአራቱም አቅጣጫ ውኃ ነው። ሦስት ነበርን። ኦሼክ መብራቱን ሠላሳ ዓመት የጠበቁ ሽማግሌ፣ ኢሳ የጄኔሬተሩ መካኒክ፣ እኔ ደግሞ ስድስት ወር ያልሞላኝ መዝጋቢ።

የሰሜን ነፋስ የጀልባችንን ገመድ በጠሰው። ጀልባዋ ተንሳፍፋ ሄዳ፣ መርከብ ከሚያልፍበት ጥልቅ የውኃ መተላለፊያ ማዶ ካለው ሌላ የኮራል ዐለት ላይ ተቀረቀረች። ሦስት መቶ ሜትር ብትርቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ትታየናለች። ሬዲዮው ከሳምንት በፊት ዝም ብሏል፤ ስንቅ የሚያመጣው ጀልባ ደግሞ ገና አሥር ቀን ይቀረዋል።

መጠበቅ በቻልን ነበር። ኢሳን ግን የዓሣ እሾህ መዳፉን ወግቶት አመረቀዘ። እብጠቱ የደረሰበትን በየጠዋቱ ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ አሰምር ነበር። በሁለተኛው ቀን መስመሩ ከእጁ አንጓ አለፈ። ትኩሳቱም ያንቀጠቅጠው ጀመር።

ከሦስታችን ዋና የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።

«ዛሬ አይሆንም» አሉ ኦሼክ ከማማው አናት ወርደው። «መዶሻ ራሶቹ ሻርኮች መተላለፊያው ውስጥ ናቸው። ሃያ ስድስት ቆጥሬያለሁ።»

ደረጃውን ወጣሁ። በሩቅ ማያው መነጽር መተላለፊያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየከፋፈልኩ ግማሽ ሰዓት አየሁ። የሻርክ ክንፍ የሚባል ነገር የለም። መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ኦሼክ 26፣ እኔ 0።

በማግስቱ ሠላሳ አንድ አሉ። እኔ 0።

«አጎቴ፣ ክንፋቸው የታለ?» አልኳቸው፤ በአክብሮት እንዲህ ነበር የምጠራቸው።

«ክንፍ ምን ያደርግልሃል? ቀን ቀን ወደ ላይ አይወጡም። ውኃውን አትይ፤ ከውኃው ሥር እይ።»

ኢሳ ከፍራሹ ላይ ሳቀ። «ጥሩ ሻርክ ነው፣ ለሽማግሌ ብቻ የሚታይ። እኔም ትኩሳቱ ሲነሳብኝ ሚስቴን አያታለሁ። እሷም ክንፍ የላትም።»

ኦሼክ ወደ ላይ ተመለሱ።

እኔና ኢሳ አንድ ነገር እናውቅ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ጠባቂ የማይፈልግ፣ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ገዝቷል። ኦሼክ የብስ በረገጡ ቀን የጡረታ ደብዳቤ ይጠብቃቸዋል፤ ወሬው ለእሳቸውም ሳይደርስ አልቀረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቃድ አልወጡም። ከተማ ውስጥ ቤት የላቸውም። የተበጠሰውን ገመድ ጫፍም አይቼዋለሁ፤ ቢላ የቆረጠው ይመስል ነበር። አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም፤ መዝገቡ ላይ ግን አሰፈርኩት።

«ስማ መዝጋቢ» አለኝ ኢሳ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰውዬው እዚህ መሞት ይፈልጋል። መብቱ ነው። እኔ ግን ለምን ላጅበው?»

መስመሩ ክርኑን ባለፈ ጠዋት ኦሼክ ዘንድ ወጥቼ፣ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም እንደምሄድ ነገርኳቸው። ወደ መተላለፊያው ዞረው እንደገና ቆጠሩ።

«ከሄድክ በቀትር ሂድ» አሉ በመጨረሻ። «ሲመሽ ይርባቸዋል። ቀስ ብለህ ዋኝ፤ አትንቦጫረቅ። ዓይንህን ከጀልባዋ አትንቀል። ወደ ታች እንዳታይ።»

«ለምን?»

«እንዳታይ አልኩህ፣ ልጄ።»

ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ወደ ታች ካየሁ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ውሸታቸውም ይጋለጣል። ያም ሆኖ ታዘዝኳቸው፤ ጥንቁቅ ሰው ነኝ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ዋኘሁ። ጭንቅላቴን ከውኃው በላይ አድርጌ፣ ጀልባዋን ብቻ እያየሁ። መሐል ላይ ስደርስ ከሥሬ ቀዝቃዛ ውኃ ሆዴን ገፋ አድርጎኝ አለፈ። ወራጅ ውኃ ነው ብዬ ቀጠልኩ። የነካኝ ነገር የለም።

ጀልባዋን ከኮራሉ አላቅቄ ይዣት ስመለስ ኦሼክ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምንም የለም፣ አጎቴ» አልኩ፤ ድምፄ ውስጥ ንቀት ሳይኖር አልቀረም።

«አላየህም?»

«አላየሁም።»

«ደግ» አሉ። ኢሳን ደግፈው ወደ ጀልባዋ አወረዱት።

ኢሳ አንድ ጣት አጣ፤ እጁ ተረፈ። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገዩ ክንዱ ይቆረጥ ነበር አለን። ይህን ስሰማ ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ፦ ቀኖቹን፣ ቁጥሮቹን፣ የገመዱን ጫፍ። የመደምደሚያዬ ቃል ይህ ነበር፦ «በመተላለፊያው ሻርክ አልነበረም፤ ኦሼክ ሆን ብለው አግደውናል።»

ሪፖርቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ እኔ ባለሁበት ተነበበላቸው። መልስ ካላቸው እንዲሰጡ ተጠየቁ።

«ልጁ ያላየውን አላየሁም ነው ያለው» አሉ። «አልዋሸም።»

ያለ ጡረታ ተሰናበቱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የባሕር ተመራማሪ፣ በዚያ ወር መተላለፊያው ወለል ላይ ተክሎት የነበረ ካሜራ በየአሥር ደቂቃው ብቻውን ወደ ላይ ያነሳቸውን ፎቶዎች አሳየኝ። አንዱን ለይቼ አወጣሁ፤ ቀኑን ከኢሳ የሐኪም ቤት ካርድ ጋር አመሳከርኩ፤ አንድ ነው፤ ሰዓቱ ቀትር ነው፤ መዶሻ ራሶቹን ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አራት ናቸው፤ ከበላያቸው፣ ልክ መሐላቸው ላይ፣ የአንድ ዋናተኛ ሁለት እግሮች ይታያሉ።