አካፋይ የሌላት ልጅ

ልጄ ሶስና ሰባት ዓመት ሞላትና በዚህ ዕድሜ መንግሥት ለሁሉም የሚሰጠው የመታወቂያ ቁጥሯ ዛሬ መጣ፤ አንድ ቢሊዮን ሰባት። ቁጥራቸው ከአንድ ሌላ የጋራ አካፋይ የሌለው ሰዎች ከአንድ ትሪ አይበሉም፣ አይጎራረሱም። ሕጉ ሲወጣ ቀልድ መስሎን ነበር።

"ለሦስት ይካፈላል?" አልኩ። የእኔም የሚስቴ የወይንሸትም ይካፈላል።

ወይንሸት አኃዞቹን ደመረች፤ ስምንት። "አይካፈልም። መርምረውታል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም።"

ለሶስና ትንሽ ሳህን ለብቻ አቀረብንላት። እሷ ግን እንጀራ በሽሮ ጠቅልላ ድንገት እናቷን አጎረሰቻት። ጣሪያው ላይ ያለው የመቆጣጠሪያ መብራት ለማስጠንቀቂያ ቢጫ ሆነ።

"በሁለተኛው ቀይ ይሆንና ሶስናን ይወስዷታል!" አልኩ።

ሶስና ሌላ ጠቅልላ ዘረጋች። "እማዬ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ።"

ወይንሸት አፏን በእጇ ከደነች።