የሊቨን ቀብር፣ እንደገና

ዮሪስ የሬሳ ሳጥኑን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያስገቡ ብድግ ይላል። ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ ተሸካሚዎቹ እየተሳሳቁ በአንድ እጃቸው ነው የያዙት። እሱ ግን መቀመጥ አልቻለም።

ሊቨንን ኦስተንድ ወደብ አጠገብ ጎረምሶች ቀጥቅጠው ከገደሉት ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ወንድ ስለሚወድ ነው የገደሉት፤ ፍርድ ቤት ቆመውም ይህንኑ ሳያፍሩ ተናግረዋል። ዮሪስ እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ አልጋ፣ አንድ ማዕድ የተጋራው ሰው ነበር። ጋዜጦቹ «አብሮት የሚከራይ ጓደኛው» ብለው አለፉት። አሁን ጥቂት ወጣቶች ከዚህም ከዚያም ገንዘብ ለምነው ታሪኩን ፊልም እያደረጉት ነው፤ ቀብሩንም ያኔ በተፈጸመበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ይቀርጹታል።

ዳይሬክተሯ አኔሌን የሊቨንን እናት የምትተውነውን ሴት ከፊት ወንበር አስቀምጣለች። ከጎኗ ደግሞ ወጣቱ ሴፔ አለ፤ ዮሪስን የሚሆነው እሱ ነው። አኔሌን ወደ ሽማግሌው ዮሪስ ትመጣና አቀማመጡ ልክ እንደሆነ ትጠይቀዋለች።

አዎ ቢላት ማን ይጎዳል? በፊልም እንኳ አንድ ጊዜ እዚያ ቢቀመጥ።

«እኔ ውስጥ አልነበርኩም» ይላል።

«ከኋላ ነበሩ?»

«ውጭ። እናቱ እንዳልገባ ሰው ልካብኝ ነበር። በጎን በኩል፣ ብስክሌት የሚያቆሙበት ጋ ቆሜ ጨረስኩት። ደግነቱ ማንም አላየኝም።»

አኔሌን ሴፔን ወደ ውጭ ትልከዋለች። ሴፔ ኮቱን እየቆለፈ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ «ምነው ዮሪስ፣ በዚህ ዝናብ ትንሽ ቢዋሹልኝ» ይለዋል።

እናት የሆነችው ሴት፣ ጡረታ የወጣች የትራም ሹፌር፣ ባዶውን ቦታ መታ መታ ታደርጋለች።

«ና እስቲ፣ አጠገቤ ሰው ይኑር። አንተ የማን ዘመድ ሆነህ ነው የምትሠራው?»

«የሟቹ።»

«እሱማ ሁላችንም ነን» ብላ ትስቃለች።

ይቀመጣል። አኔሌን ጸጥታ ትጠይቃለች፤ ኦርጋኑ ይጀምራል። ሳጥኑ በእጁ ሊነካው የሚችል ያህል ቅርብ ነው። ማየቱ ሲከብደው ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል።

እዚያ ሰፊ መስኮት አለ። ባለቀለሙ መስታወት በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ረግፎ፣ እነ ዮሪስ ሳይወለዱ በተራ መስታወት ተተክቷል። ሴፔ ከመስኮቱ ማዶ፣ ያኔ ዮሪስ በቆመበት ቦታ፣ ብስክሌቶቹ መሀል ቆሟል። የረጠበ ፀጉሩ፣ የሚንቀጠቀጥ ከንፈሩ፣ የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋበት እጆቹ ሳይቀሩ ጉልህ ብለው ይታያሉ።

ዮሪስ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ሴትዮዋ የፊቷን ጥቁር ሻሽ ገለጥ አድርጋ፣ ሳጥኑን ትታ፣ መስኮቱን እያየች ነው።