ለሠርጉ መኪና የተገጠመው ሰብውፈር

«ባሱ መሬት ያንቀጥቅጥ። መቼም ቂም አትይዝብኝም፣ ወንድሜ» አለ ሙሽራው ናሁሠናይ፣ የሠርጉን መኪና ቁልፍ እያቀበለው።

«ቂም ለነፍስ አይበጅም» አለ ቴፕ ገጣሚው።

ናሁሠናይ የገጣሚውን እህት የተዋት የሠርጋቸው መጥሪያ ካርድ ከታደለ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ሰው በተሰበሰበበት አትቆምም። ገጣሚው አምፕሊፋየሩ አንድ የባስ ድምፅ ማጉያ ሰብውፈር ብቻ እንደሚችል እያወቀ ሁለት አሸከመው። መጀመሪያ ያጓራል፤ ሲግል ግን ፊውዙን በጥሶ ቴፑን ጭምር ያጠፋዋል። ሙሽራው በሰው ሁሉ ፊት ይዋረዳል።

ቅዳሜ ገጣሚው በጎረቤቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ሳለ ሠርገኞቹ ቴፑን እያስጮኹ መጡ። ሐዘንተኞቹ ፊታቸውን አጠቆሩ። መኪናው ልክ ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ድምፁ ድርግም አለ።

ናሁሠናይ ደንግጦ ቴፑን ነካካው። ቀና ሲል ለቀስተኛውን አየ። ወዲያው ወርዶ እጅ ነሣ።

«ለሐዘናችሁ ብዬ ነው ያጠፋሁት።»

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ያሳደገህ ይባረክ። ትዳርህን ያጽናልህ። ለሴት ልጆቻችን ሁሉ እንዳንተ ያለውን ይስጥልን።»

ድንኳኑ በሙሉ «አሜን» አለ። ሽማግሌው ወደ ገጣሚው ዞሩ።

«አንተስ፣ አፍህ ታሰረ እንዴ?»

«አሜን» አለ ገጣሚው።