ሬሳ ሆኖ የሚተውነው ልጅ

በወጣት ማዕከሉ የቲያትር ቡድን ውስጥ የደረሰው ድርሻ ሬሳ መሆን ነበር። እሱን ግን ቅር አላለውም። በየእሁዱ ጋቢ ለብሶ መድረኩ ላይ ሲጋደም፣ እናቱን ሆና የምትጫወተው ስንዱ ደረቱ ላይ ተደፍታ «ልጄ፣ ለማን ጥለኸኝ ሄድክ!» እያለች ታለቅሳለች፤ ትኩስ እንባዋ አንገቱን ያርሰዋል። ዘመድ አልባ ነበርና «ወገኖቼ እነዚህ ናቸው» ይላል በሆዱ።

አንድ እሁድ ትኩሳት ጣለው። ቲያትሩ በእሱ የተነሳ እንዳይበላሽ ተጨንቆ፣ ላብ እያጠመቀው ዘግይቶ ደረሰ። ከመጋረጃው ጀርባ አጮልቆ ቢያይ፣ ስንዱ ጋቢ የለበሰ ጥቅል ፍራሽ አቅፋ ታለቅሳለች።

መጋረጃው እንደተዘጋ አዘጋጁ፣ «ስንዱዬ፣ ዛሬማ ከወትሮው ይበልጥ አለቀስሽ!» አላት።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ እየሳቀች፤ «ይሄኛው አይተነፍስማ!»