ምስማሩ ላይ የቀረው ዳቦ

ተከራይዋ ሙሃባት ኪራይ ሳትከፍል፣ ውሏን አፍርሳ ከሳማርካንድ ወጥታለች። አከራይዋ ሳዮራ ለዕዳው የምትይዘው ነገር ፍለጋ ክፍሉን ስትከፍት፣ ምስማር ላይ ከተሰቀለ ደረቅ ዳቦ በቀር ምንም አላገኘችም። የሙሃባት ልጅ ለውትድርና ሲሄድ አንዴ ገምጦት ነበር፤ በአገራቸው ልማድ የቀረውን ተመልሶ እስኪበላው ድረስ ከተሰቀለበት አይነሳም።

ደወለችላት። «የት ገባሽ አንቺ? ኪራዬስ?»

«እትዬ ሳዮራ፣» አለች ሙሃባት፤ «ዳቦውን አወረዱት እንዴ?»

ለካ ሳዮራ መያዣ አላት። እጇን ወደ ምስማሩ ሰደደች፤ ጣቷ የልጁ ጥርስ ያረፈበት ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ።

ፍራሽ የተሸከመ ሰው በሩን ገፋ አደረገ። «ባዶ ክፍል አለ ብለውኝ ነበር። ይሄ ነው?»

«አይደለም፣» አለች ሳዮራ፣ ስልኩን ሳትዘጋ። «ይሄ ሰው አለበት።»